ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ ከተማዋን ፎቶ ማንሣት

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከአያት ወዲያ ነው። የአራተኛ ፎቅ መተላለፊያችን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመሀል ከተማው ፎቆች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ከሁሉም የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ቁመቱ 209 ሜትር የሆነው ሕንፃ ከእኛ ዘንድ ሆነው ክንድዎን ዘርግተው ሲያስተያዩት የትንሿን ጣት ጥፍር ያክላል። በዚህ መተላለፊያ ላይ ስልኩን አውጥቶ ያላነሣ ጎረቤት የለም። ፎቶዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በገሚሶቹ ላይ ሰማዩ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ከተማው ድፍን ጥቁር ሆኗል። በገሚሶቹ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥላሸት መስሎ መብራቶቹ እንደ ፈሰሰ ወተት ተንጣለዋል። ሁሉም የሚወቅሰው ስልኩን ነው። ስልኩ ግን ጥፋት የለበትም፤ የመጀመሪያው ፎቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ፣ ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ የተነሣ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በፎቶው ውስጥ ሁለት ብርሃኖች እንዳሉ ማሰብ ይበቃል። አንዱ የሰማይ ነው። ሌላው የሰው ነው፤ የመንገድ መብራት፣ የቢሮ መስኮት፣ በሕንፃ ግድግዳ ላይ ሽቅብ የተነጣጠረ ፓውዛ። የሰው ብርሃን አንዴ ከበራ በኋላ፣ መብራት ካልጠፋ በቀር፣ በዚያው መጠን ይቆያል። የሰማዩ ግን ይወርዳል፤ ሰው የማይጠረጥረው የሚወርድበትን ፍጥነት ነው። ጀምበር ልክ ስትጠልቅ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 400 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ስትደርስ የሚቀረው 3 ሉክስ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ የሚፈጀው 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ሲሰላ ሰማዩ በየሦስት ደቂቃው የብርሃኑን ግማሽ ያጣል።

ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩ ከመብራቱ እጅግ ይበረታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ ከሰማዩ እጅግ ይበረታል። በመካከሉ ሁለቱ ተስተካክለው የሚያልፉባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። ካሜራ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሊይዝ የሚችለው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት የተወሰነ ስለሆነ፣ ሰማዩንም ሕንፃውንም አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ የሚገኘው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ዓይናችን ይህን ጥድፊያ አያስተውልም። ብሌናችን እየሰፋ፣ አእምሯችን እያስተካከለ፣ ምንም ያልተለወጠ ይመስለናል። ከዚያ ድንገት ማየት ያቅተናል፤ አማርኛ ለዚህ ደቂቃ የራሱ አባባል አለው፦ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። እኔ ከስልክ መተግበሪያ ይልቅ በዚህ እተማመናለሁ። ከታች ባለው ሱቅ በር ላይ የተለጠፈውን የካርድ ማስታወቂያ ከመተላለፊያው ሆኜ ማንበብ ሲያቅተኝ፣ ማንሣት የምጀምርበት ሰዓት ደርሷል።

ፎቶ አንሺዎች ይህን ጊዜ «ሰማያዊው ሰዓት» ይሉታል። ስያሜው የመጣው ከሰሜን አገሮች ነው፤ እዚያ እውነትም ሰዓት ሊሞላ ይችላል። ለንደን ውስጥ በሰኔ ወር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 6 ዲግሪ እስክትወርድ ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው አግድም እየተንሸራተተች ነውና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ። ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ የሚሆነው ፀሐይ ከአድማስ በታች ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ባለችበት ጊዜ ነው ብንል፣ በእኛ አገር ይህ 16 ደቂቃ ገደማ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች 13 ደቂቃ በኋላ ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በእነዚህ 16 ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ ሰማዩ 30 እጥፍ ያህል ይጨልማል። ስለዚህ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ «ተረጋግተህ ሌንስ እየቀያየርክ ሞክር» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ ማዕዘኑ ቀድሞ ተመርጦ፣ ካሜራው ቀድሞ ተደግፎ፣ እጅ ቁልፉ ላይ ሆኖ መጠበቅ ነው ያለው።

የጀምበር መጥለቂያ ሰዓትም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ «እኛ አገር ቀንና ሌሊት እኩል ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያዘናጋል። በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ትጠጋለች። በኅዳር የተመኩበትን ሰዓት ይዘው በሐምሌ ቢወጡ ገና በጠራራ ብርሃን ይደርሳሉ፤ በሐምሌ የለመዱትን ይዘው በኅዳር ቢወጡ ደግሞ ሁሉም ነገር አልቋል።

ሰማዩ ለምን እንዲያ ሰማያዊ እንደሚሆን ላፍታ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማብራሪያ ግማሹ ስለሆነ። ቀን ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነው አየሩ ሰማያዊውን የፀሐይ ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ስለሚበትን ነው። ይህ ምክንያት ግን ለምሽቱ አይበቃም። ጀምበር ስትጠልቅ ብርሃኗ ወደ እኛ የሚደርሰው አየሩን በአግድም፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ነው፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ስለሚያልቅ፣ በስሌቱ መሠረት አናታችን ላይ ያለው ሰማይ ወደ ቢጫና ግራጫ ማድላት ነበረበት። አያደላም። እ.ኤ.አ. በ1953 ኸልበርት የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ምክንያቱን አሳየ፦ ኦዞን ነው። ከጎጂ ጨረር ይጠብቀናል የምንለው ያው የኦዞን ንጣፍ ብርቱካናማውንና ቢጫውን ብርሃንም በመጠኑ ይውጣል። ቀን ብርሃኑ ንጣፉን በአጭሩ ስለሚያልፍ ልዩነቱ አይታወቅም። ምሽት ላይ ግን ብርሃኑ በንጣፉ ውስጥ ረጅም መንገድ ይጓዛልና ቢጫው ተውጦ ሰማያዊው ይቀራል። እንግዲህ ያ ከከተማው በላይ የሚታየው ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተጣራ ነው።

ወደ ሕንፃዎቹ እንመለስ። ለብዙ ጊዜ ያልገባኝና ብዙ ምሽት ያባከነብኝ ነገር ይህ ነው፦ ሁሉም ሕንፃ የሚስተካከልበት ደቂቃ አንድ አይደለም። መስታወቱ ከውስጥና ከውጭ በኃይለኛ መብራት የሚያበራ ፎቅ ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ይስተካከላል። ጉልላቱ በጥቂት አምፖል ብቻ የሚታይ ቤተ ክርስቲያን በዚያች ደቂቃ ጥላ ነው፤ እርሱ ተራው የሚደርሰው ከስድስት፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ፎቁ በፎቶው ላይ ነጭ ቁስል ሆኗል። ሁለቱንም በአንድ ምሽት የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተል ያስፈልገዋል። እኔ መጀመሪያ፣ ጀምበር እንደጠለቀች፣ መብራት የማያሻቸውን አነሣለሁ፤ በቅርጻቸው ብቻ የሚታወቁትን። 50 ሜትር ቁመት ያለው የትግላችን ሐውልት ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ከጫፉ ላይ ያለው ኮከብ በብርቱካናማ ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ማብራሪያ አይፈልግም። ቀጥዬ ብዙ መብራት ወዳላቸው ፎቆች እዞራለሁ። የአብያተ ክርስቲያናት ጉልላትና የመስጊድ ሚናራ መጨረሻ ይመጣሉ።

አሁን ቁጥሩ። በእጅ የሚስተካከል ካሜራ ላላቸው መነሻዬ የሚከተለው ነው፤ የብርሃን መቀበያው ስሜት ማለትም አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ 8 (f/8)፣ ጀምበር ከጠለቀች 15 ደቂቃ በኋላ የአንድ ሰከንድ መክፈቻ። ከዚያ ሰማዩ በየሦስት ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በየሦስት ደቂቃው ጊዜውን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ሁለት ሰከንድ፣ አራት፣ ስምንት። ሰማዩ በፎቶው ላይ እንዳለ ይቆያል፤ መብራቶቹ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ በእጥፍ ይደምቃሉ፤ እነርሱ አልቀነሱማ። የአምፖሉ ዙሪያ ነጥቶ የግድግዳው ቅርጽ መጥፋት ሲጀምር ያ ሕንፃ አበቃለት፤ ወደሚቀጥለው ዞር ማለት ነው። ቁጥሮቹ እንደ ደመናውና እንደ ቦታው ይለያያሉ፤ እጥፍ የማድረጉ ሥርዓት ግን አይለያይም።

ስምንት ሰከንድ ያለ ድጋፍ አይታሰብም። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የምጠቀመው በጨርቅ ከረጢት የተሰፋ አንድ ኪሎ ምስር ነው። ከረጢቱን የመተላለፊያው ግንብ ላይ አስቀምጬ፣ በመዳፌ መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ ካሜራውን እዚያ አስተኛዋለሁ። ምስሩ የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ይረጋል፤ አይንሸራተትም፣ በነፋስም አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ያዩኝ ጊዜ ከጎናችን የሚኖሩት እማማ «ልጄ፣ በዚህ ጨለማ ምስር ትለቅማለህ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ፎቶ እያነሣሁ ነው» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ምስሩን ለምን ታነሣዋለህ?» ብለው ገቡ። ግንቡ ጠንካራ ቢመስልም አንድ ምሽት ያነሣሁት ሁሉ ተደርቦ ወጣ፤ እያንዳንዱ መብራት ሁለት ሆኗል። ለካ ውኃ ጠፍቶ ስለነበር ሰው ጄሪካን ተሸክሞ በደረጃው ይወጣ ኖሯል፤ መተላለፊያው በእያንዳንዱ እርምጃ በፀጉር ስፋት ይንቀሳቀስ ነበር። በሩቅ ለሚያነሣ ሰው የፀጉር ስፋት ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ጸጥ እስኪል እጠብቃለሁ፤ ቁልፉን ከተጫንኩ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ የሚያነሣበትን ሥርዓትም እጠቀማለሁ፤ የጣቴ ግፊት ራሱ ያንቀሳቅሰዋልና።

ስልክ ብቻ ያላቸው አይዘኑ። የስልኮች የምሽት ሥርዓት የሚሠራው ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንሥቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ በመደረብ ነው። በጨለማ የሚነሣ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ነጠብጣብ በየፎቶው ቦታው ስለሚለያይ፣ ሲደራረብ ይጠፋፋል፤ አሥራ ስድስት ፎቶ ሲደረብ ነጠብጣቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስልኩ ግን አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሌሊቱን ቀን ለማስመሰል ይሞክራል። ስለዚህ በጣትዎ ደማቁን ሕንፃ ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉት። የቀለም ሚዛኑንም በራሱ እንዲመርጥ አይተዉት፤ ያንን ሁሉ ኦዞን ያጣራውን ሰማያዊ «ስህተት ነው» ብሎ ወደ ግራጫ ይመልሰዋል። የፀሐይ ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ አምፖሉ ወርቃማ ሆኖ ይቀራል።

የት ይቆማል? ሁሉም ሰው እንጦጦ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባል። እንጦጦ 3,000 ሜትር አልፎ የሚሄድ ከፍታ አለው፤ የከተማዋ መሀል 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። ከላይ ሆነው ቁልቁል ስለሚያዩ፣ 209 ሜትሩ ፎቅ እንኳን አድማሱን አይነካም። ከኋላው የሚታየው ሰማይ ሳይሆን የከተማው መብራት ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ የከተማ ስፋት ይገኛል፤ ሰማይን የሚወጋ ሕንፃ አይገኝም። እርሱን የሚፈልግ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከአያትና ከኮተቤ በኩል፣ ወይም በደቡብ ምዕራብ ከጀሞና ከፉሪ በኩል። ከጀሞ በኩል ሲታይ ፎቆቹ የሚያርፉት በጠቆረው የእንጦጦ ጀርባ ላይ ነው፤ መብራቱ ከተራራው ጥቁረት ተለይቶ ይወጣል፤ በእኔ ምርጫ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው።

ርቀቱ ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ እስከ ባንኩ ሕንፃ በቀጥታ መስመር ከ7 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ርቀት በተለመደው የስልክ ሌንስ ሕንፃው ከፎቶው ቁመት ሦስት በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ሩብ ያደርሰዋል። ስልክ ላይ በጣት እየጎተቱ ማቅረብ ግን ያው ሦስት በመቶ ተለጥጦ ከመሆን አያልፍም።

በመካከል ያለው አየርም ይታሰብ። ሲመሽ ከእንጦጦ ቀዝቃዛ አየር ወደ ከተማዋ ጎድጓዳ ስፍራ ይወርድና ሞቃቱን አየር ከላይ ያስቀራል፤ የከሰሉ፣ የማገዶውና የመኪናው ጭስ ከሥር ታፍኖ ያድራል። ጭስ ብርሃንን ወደ ፊት አብዝቶ ስለሚበትን፣ ከምሥራቅ ሆነው ጀምበር ወደጠለቀችበት ሲያነሡ ጭጋጉ ራሱ ያበራል፤ ከምዕራብ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲያነሡ ደግሞ ያንሳል። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል። ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል፤ ከደመራ ምሽት በቀር፣ ያን ዕለት ጭሱ ራሱ በዓል ነው። በምዕራብ ዳርቻ ላሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወጨጫ ተራራ ፀሐይዋን ከሰዓቷ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይጋርዳታል። ከዓይን ጠፋች ማለት ጠለቀች ማለት አይደለም፤ ቆጠራው ከእውነተኛው መጥለቂያ ይጀመር።

ከምዕራብ በኩል የሚቆሙ ግን እኛ የሌለን ጸጋ አላቸው። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ጀምበር በምትጠልቅበት ሰዓት ገደማ፣ በተቃራኒው በኩል ነው፤ ስለዚህ ከከተማዋ ጀርባ ትወጣላቸዋለች። ጨረቃ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ትሰፋለች። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቁመት 99.9 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ኅብረቱ እንዲመሠረት ውሳኔ የተላለፈበትን 9/9/99ን ለማስታወስ ታስቦ የተመረጠ ነው። ከ11 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ሲታይ ይህ ሕንፃ ልክ የጨረቃዋን ያህል ይሆናል። ቀርበው ከቆሙ ሕንፃው ይገዝፋል፣ ጨረቃዋ ታንሳለች፤ ከራቁ ጨረቃዋ ሕንፃውን ትውጠዋለች። ቀኑን ለመምረጥ ጨረቃ በየዕለቱ በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች እንደምትወጣ ማስታወስ ነው። ሙሉ በሆነች ማግስት ብትፈልጓት ሰማዩ ጠቁሮ እርሷ ብቻ ነጭ ሳንቲም ትሆናለች። ከመሙላቷ አንድ ቀን በፊት ያለው ምሽት ይሻላል። እኔ ቀኑን የምጠይቀው ምድር ቤት የሚኖሩትን ሐጂ ነው፤ በሒጅራ አቆጣጠር በየወሩ 13፣ 14 እና 15 ቀን ይጾማሉ፤ የጾማቸው ቀን የጨረቃዬ ቀን ነው። እኛ ምሥራቅ ያለን ሰዎች ጨረቃዋን የምናገኘው ጎሕ ሲቀድ፣ በከተማው ላይ ስትጠልቅ ነው። በዚያ ሰዓት አየሩ የጠራ ይሆናል፤ የቢሮ መስኮቶቹ ግን ጨለማ ናቸው።

የቀለም መብራት በየጊዜው የሚቀያይሩ ሕንፃዎች በረጅም ጊዜ ፎቶ ላይ ቀለማቸው ይደባለቃል፤ አንዱን ቀለም ብቻ የሚፈልግ አይኤስኦውን ከፍ፣ ጊዜውን አጠር ያድርግ።

ድሮን ለማስነሣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቤተ መንግሥትና የጦር ካምፕ ባለበት አቅጣጫም ረጅም ሌንስ መደገን ነገር ያመጣል። ባለፈው ጥቅምት ኮረብታ ላይ ቆሜ አንድ የጥበቃ አባት መጡብኝና «ምንድን ነው የምትመለከተው ልጄ?» አሉኝ። ሰማዩ የቀረው ስድስት ደቂቃ ነበር። «ከተማውን ነው አባቴ፤ ይመልከቱት» ብዬ ካሜራውን ሰጠኋቸው። በመስታወቱ ሲያዩ ቆዩ፣ ቆዩ፤ የሚኖሩበትን ሰፈር ሲፈልጉ ነበር። አግኝተው ሲመልሱልኝ ሰማዩ አልቆ፣ ጉልላቱ ሳይነሣ ቀረ።